«መዝሙሩ የማን ነው?»፦ የሲናች ጉዳይ ከደሴ ሲታይ

«መንገድ ሠሪ አይሆንም» አለ ድራም የሚመታው ልጅ። «እኔ መንገድ ሠሪ ሲባል የሚታየኝ ሐረጎ ላይ አካፋ ተደግፎ የቆመ ሰው ነው።»

ሳቅ በሳቅ ሆንን። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ሐረጎን ያውቃታል። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ከደሴ ብርድ አንስቶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ይጥልሃል። ጆሮህ ይደፈናል፤ ጃኬትህን ታወልቃለህ። ክረምት ሲገባ ናዳ አለ። መንገድ ሠሪም አይጠፋም።

የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ልምምድ ሐሙስ ማታ ነበር። የናይጄሪያዊቷን ዘማሪ የሲናችን መዝሙር ወደ አማርኛ ለመመለስ ከተቀመጥን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ርዕሱ «ዌይ ሜከር» ነው፤ ቃል በቃል «መንገድ ሠሪ» ማለት ነው። ሲዘመር ሦስት ምት ላይ ያልቃል። የእኛ አማርኛ ግን እዚያች ሦስት ምት ውስጥ አልገባ አለ። «መንገድ ጠራጊ» እንበል ያለም ነበር። ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው ያዳምጣሉ። «ልጆች፣ መንገድ ጠራጊው ዮሐንስ ነው። ጌታውን ሎሌ አደረጋችሁት» አሉ። እሱም ቀረ። መጨረሻ ላይ «መንገድ ከፋች» ላይ ረጋን። እሱም ቢሆን አንድ ምት ይተርፈዋል። እኔ ኪቦርዱ ላይ ትንሽ ጎተት አደርግለታለሁ።

ከዚያ ከአልቶዎቹ፣ ዝቅ ያለውን የሴት ድምፅ ከሚይዙት፣ መካከል አንዷ እጇን አወጣች። «እሺ፣ ወረቀቱ ላይ የማን ነው ብለን ነው የምንጽፈው?»

መሪያችን ቀና ሳይል መለሰ። «የጌታ ነዋ።»

ልጅቷ ዝም አለች። ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሌላው ሰው ምንም አልመሰለውም። እኔ ግን ላብ አሰመጠኝ፤ በደሴ ብርድ። ዝምታዋ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የእኔም እጅ አለበት።

ሲናች ማን ናት

ስሟ ሳያጥር ኦሲናቺ ነው። የኢግቦ ስም ነው፤ ትርጉሙ «ከእግዚአብሔር ነው» እንደማለት ነው። መሪያችን «የጌታ ነው» ሲል ሳያውቀው ስሟን ነው የጠራው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ስቄ አላባራሁም።

የተወለደችው በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ ኢቦኒ ግዛት ነው። ፖርት ሃርኮርት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ ተማረች። በፊዚክስ ዲግሪ የጀመረ ሰው መጨረሻው መድረክ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ቤተሰብ ብዙ ያለ አይመስለኝም። የእኛ አገር ወላጅ ቢሆን «አራት ዓመት ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?» ይላት ነበር። እሷ ግን መዘምራን ውስጥ ገባች። ክራይስት ኢምባሲ የሚባለው የናይጄሪያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አምልኮ መሪ ሆነች። ለጉባኤው መዝሙር ትጽፋለች። የጻፈቻቸው ከ500 በላይ ናቸው ይባላል።

ቁጥሩን ልብ በሉ። ከ500 መዝሙር ውስጥ እኛ ደሴ የምናውቀው ሁለት ወይ ሦስት ነው። የቀረው አብዛኛው እዚያው ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ተዘምሮ፣ ሰው አስለቅሶ፣ ሰው አስጨብጭቦ ቀርቷል። የመዘምራን ኑሮ ይሄ ነው። ብዙ ትጽፋለህ። አንዷ ሐረጎን ትሻገራለች።

የተሻገረችው «ዌይ ሜከር» ናት። የወጣችው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 30 ቀን 2015 ነው። ኮርዶቿ አራት ናቸው። ኪቦርድ ከጀመረ ስድስት ወር የሆነው ልጅ ይመታታል። ይህን ለማጣጣል አይደለም የምለው። ቀላል ነገር መጻፍ ከባድ ነው። በናይጄሪያ፣ በጋና፣ በኬንያ ጉባኤዎች ውስጥ ቶሎ ገባች። ዩቲዩብ ላይ ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየች።

የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ2019 አሜሪካኖቹ ወሰዷት። ሊላንድ የሚባለው ባንድ ዘመራት። ማይክል ደብሊው ስሚዝ ዘመራት። እሱ እዚያ አገር ከአንድ ትውልድ በላይ ስሙ የቆየ ዘማሪ ነው። በ2020 ኮሮና መጣ። ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ሰው በየቤቱ፣ በየሆስፒታሉ በር ላይ ይችኑ መዝሙር ይዘምር ነበር። በዚያው ዓመት የጥቁሮች መብት ሰልፎች ላይም ተዘምራለች። ብዙው አሜሪካዊ መዝሙሯን የማይክል ደብሊው ስሚዝ ወይም የሊላንድ አድርጎ ነው የሚያውቃት። የሴትዮዋን ስም የማያውቅ ሞልቷል።

እዚህ ላይ ለአፍታ እንቁም። የእኛ ነገር ቢሆን ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር። መዝሙሩ ታዋቂ ሆነ፤ የጻፈችው ተረሳች፤ አንድ ሰው ደግሞ «የጌታ ነው» አለ።

አላለቀም። በ2020 ግንቦት ላይ ቢልቦርድ የሚባለው የሙዚቃ መጽሔት በክርስቲያን መዝሙር ደራሲዎች ሰንጠረዥ ላይ ሲናችን አንደኛ አደረጋት። ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ነበረች። 12 ሳምንት ቁጭ አለችበት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በአሜሪካ የወንጌል መዝሙር ትልቅ ሽልማት በሚባለው በዶቭ ሽልማት «ዌይ ሜከር» የዓመቱ መዝሙር ተባለች።

ሰንጠረዡ እንዴት እንደሚሠራ ካልታየ ነገሩ አይገባም። የደራሲዎቹ ሰንጠረዥ ማን በድምፁ ዘመረ አይልም። ማን ጻፈው ነው የሚለው። ስለዚህ ስሚዝ በዘመረው ቁጥር ነጥቡ ለእሷ ይቆጠራል። ሊላንድ በዘመረው ቁጥር ለእሷ። እሷ ሌጎስ ተኝታ ቴክሳስ ውስጥ አንድ ሬዲዮ የሌላ ሰው ድምፅ ሲያጫውት ስሟ ከፍ ይላል። ገና ከመጀመሪያው ወረቀቱ ላይ «ግጥምና ዜማ ሲናች» የሚል ስለነበረ ብቻ።

ሌላም አለ። እዚያ አገር አብያተ ክርስቲያናት መዝሙር ለመጠቀም በየዓመቱ ክፍያ ይከፍላሉ። የትኞቹን መዝሙሮች እንደተጠቀሙ ያስመዘግባሉ። ገንዘቡ ተሰብስቦ ለጻፈው ሰው ይከፋፈላል። በዚህ አሠራር የምትታወቀው ሲሲኤልአይ የምትባል ድርጅት ናት። «ዌይ ሜከር» በ2020 እዚያም አንደኛ ወጥታለች። ይህን ለመሪያችን ስነግረው «ሰንበት ላይ ለዘመሩት ይከፍላሉ?» ብሎ አፉን ያዘ። ለእሱ ይሄ አየር ለተነፈሱበት መክፈል ነው።

የእኛ ነገር

አሁን ወደ ልጅቷ ልመለስ።

ስሟን አልጽፍም። እሷም አትወድም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት ሠራተኛ ነበረች። ፓርኩ በእኛ አቆጣጠር በ2009 ሲመረቅ ከደሴ የገቡ ብዙ ልጆች ነበሩ፤ አንዷ እሷ ናት። ጠዋት በጨለማ ትወርዳለች፤ ማታ በጨለማ ትወጣለች። ሰርቪሱ ውስጥ ሌላው ሲተኛ እሷ ታንጎራጉራለች። መጠምዘዣ ላይ ወንበሩን ይዛ። ግጥሞቿን የምትጽፍባት ደብተር ነበረቻት። የተማሪ ደብተር ናት፤ ሽፋኗ ተገንጥሎ በስኮች የተለጠፈ። ከእያንዳንዱ ግጥም ሥር ቀን ትጽፋለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ስፌት ላይ ስንት ቁራጭ እንደሠሩ በቀን በቀን ስለሚያስመዘግቧቸው ለምዶባት ይሆናል።

በ2011 ሰኔ አንድ መዝሙር ይዛ መጣች። አምባሰል ነው። ንጹሕ አምባሰል። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ ቦታዎች ስም ነው የሚጠሩት። ወሎ ያደገ ሰው እነዚህን ሳይማር ነው የሚያውቃቸው። በሠርግ ይሰማል፣ በመንዙማ ይሰማል፣ ገበያ ውስጥ ይሰማል። ግን የእኛ ቤት ጣጣ አለው። በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ጊዜ አምባሰል ሲመጣ አንድ ሰው «ዓለማዊ ዜማ ነው» ይላል። ያኔም ተባለ። ጋሼ ናቸው ያዳኗት። «የፈረንጁስ ዜማ ከየት የመጣ ነው? ከሰማይ ወርዶ ነው?» አሉ። አለፈ።

እኔ ኮርድ ፈልጌ አቀናበርኩት። አምባሰል ላይ ኮርድ ማልበስ ጣጣ ነው። አምስት ድምፅ ብቻ ስላለው የፈረንጅ ኮርድ ሲገባበት አንዱ ድምፅ ሁልጊዜ ይጎረብጣል። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። መግቢያው ላይ ማሲንቆ የሚመስል ድምፅ ከኪቦርዱ ፈልጌ አስገባሁ። ኩራት ተሰማኝ። ዛሬም ይሰማኛል።

በ2012 ኅዳር ኮምቦልቻ ላይ ኮንፈረንስ ነበር። መዝሙሩን እዚያ ዘመርነው። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ዘማሪ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ እኔ መጣ። ጥብስ እየበላሁ ነበር። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ።

«ወንድሜ፣ ያቺ አምባሰሏ መዝሙር ደስ ትላለች። የማን ናት?»

እኔ ምን አልኩ? ልጅቷ ከእኔ ሦስት ወንበር ርቃ ተቀምጣለች። ቀና ብዬ አየኋት። አፍራ አንገቷን ደፋች። እኔም አፌ ውስጥ እንጀራ እንዳለ፣

«የጌታ ናት» አልኩት።

«አሜን» አለኝ። «ብወስዳት ትባርኩኛላችሁ?»

«ውሰዳት ወንድሜ። ተባረክ።»

ይሄው ነው። በዚህ ፍጥነት ሰጠኋት። የእኔ ያልሆነውን።

በዓመቱ ወጣ። ዩቲዩብ ላይ፣ በቆንጆ ቪዲዮ። መግቢያው ላይ የእኔ ማሲንቆ ራሱ አለ፤ እነሱ እውነተኛ ማሲንቆ አስገብተውበታል እንጂ። ከሥር የተጻፈውን አነበብኩ። «ግጥምና ዜማ» ይላል፤ ቀጥሎ የእሱ ስም። ኮሜንቱን ወረድ ብዬ ሳይ ሰው እያለቀሰ ነው። «ይህን መዝሙር የሰጠህ ጌታ ይባረክ» ይላል አንዱ።

ልጅቷ ሰማች። ሰንበት ላይ አገኘኋትና «አየሽው?» አልኳት። «አየሁት። ደስ ይላል» አለች። «አብሽሪ፣ እናናግረዋለን» አልኳት። አላናገርንም። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ መዝሙር ይዛ መጥታ አታውቅም። ትዘምራለች፤ አልቶ ላይ ትቆማለች፤ ልምምድ አትቀርም። ደብተሯን ግን አይቼያት አላውቅም።

«የጌታ ነው» ከየት መጣ

ይህን ቃል ለማጣጣል የሚቸኩል ሰው አለ። እኔ አልቸኩልም። ክቡር መነሻ አለው።

ታላላቆቻችን የሚነግሩን የደርግ ጊዜ ታሪክ አለ። አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ሰው በየቤቱ ተደብቆ ነበር የሚያመልከው። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በእምነቱ ምክንያት ሰባት ዓመት ታስሯል። መዝሙር በካሴት እየተገለበጠ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነበር የሚሄደው። እዚያ ላይ ስም መጻፍ ሰው ማሳሰር ነው። ጋሼ እንደሚሉት ካሴቱን የሚሰጥህ ሰው «የማን ነው?» ብለህ አትጠይቀውም። ብትጠይቀውም «የጌታ ነው» ይልሃል። ሽሽግ ነው። ትሕትናም ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

ግን ደርግ ከሄደ ስንት ዓመት ሆነው። ያኔ ስም መደበቅ የጻፈውን ሰው ያድን ነበር። አሁን የሚያድነው የወሰደውን ነው።

ደግሞ ደሴ የተለየች ናት። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የፕሮቴስታንቱ ቁጥር ከከተማው ሕዝብ አንድ በመቶ ገደማ ነበር። ሌላው ሙስሊምና ኦርቶዶክስ ነው። ትንሽ ቤት ነን። አልበም አውጥቶ ደሴ ላይ ሸጦ የሚኖር ዘማሪ የለም። ያለን ጸጋ አንድ ነው፤ የወሎ ዜማ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳም የሚፈልገው እሱን ነው። እኛ ደግሞ እንግዳ አክባሪ ነን። ቡና አፍልተን፣ ጥብስ ጠብሰን፣ ዜማውን መርቀን እንሸኛለን።

ማስረጃው የት ገባ

ብዙ ሰው ሲናችን ሲያነሳ ድምፅዋን ነው የሚያወራው። እኔ አሁን የሚገርመኝ ወረቀቷ ነው። ምክንያቱም ይሄ ነገር ወደ ክርክር ሲሄድ የሚያወራው ወረቀት ነው።

እሷም ክርክር አላጣትም። በፈረንጆቹ 2025 አንድ የድምፅ ባለሙያ «ዌይ ሜከር» ላይ የቅጂ መብት አለኝ ብሎ ሌጎስ ፍርድ ቤት ከሷት ዜና ሆኖ ነበር። እሷ ደግሞ መዝሙሩን ብቻዬን ነው የጻፍኩት፣ ለሠራው ሥራ ከፍዬዋለሁ ብላ ተከራከረች። ዜናውን ሳነብ የተሰማኝን ልናገር። መጀመሪያ ለባለሙያው አዘንኩ። እኔም ኪቦርድ መቺ ነኝ። ሁለት ሳምንት ኮርድ ፈልጌ፣ ማሲንቆ ፈልጌ፣ ስሜ የትም የለም። ከዚያ ግን ራሴን ጠየቅሁ። ያቺ መዝሙር እኔ ሳልነካት መዝሙር ነበረች ወይ? ነበረች። ሰርቪስ ውስጥ፣ ያለ አንድ ኮርድ፣ ነበረች። እኔ ልብስ ነው ያለበስኳት። ልብስ ሰፊ ዋጋ ይከፈለዋል። ልጅቱ የእኔ ናት ግን አይልም።

ወደ እኛ ስንመጣ ማስረጃው ምን ሆነ? ኮንፈረንሱ ላይ የዘመርነው ቅጂ የመዘምራኑ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። በጥቅምት 2014 ደሴ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። እስከ ኅዳር 27 ድረስ ከተማው መብራት የለውም፤ ስልክ የለውም፤ ባንክ የለውም። ብዙው ሰው ቀድሞ ወጥቶ ነበር። በእግር፣ በጭነት መኪና፣ በባጃጅ። ተመልሰን አዳራሹን ስንከፍት ኪቦርዱ የለም። ሚክሰሩ የለም። ላፕቶፑ የለም። ስፒከሩ ከባድ ስለሆነ ይመስለኛል ተገልብጦ ቀርቷል። አንድ እግሩ ላይ የቆመው የማይክ ማቆሚያ አሁንም ትዝ ይለኛል። በባዶ አዳራሽ መሃል ብቻውን።

ሰው ያጣ ከተማ ውስጥ ስለ አንድ መዝሙር ማውራት ነውር ነበር። ማንም አላወራም። እኔም አላወራሁም።

ሕጉ ያለው

ነገሩን የቀሰቀሰው «ዌይ ሜከር» ነው እንጂ ሕግ የማነብ ሰው አልነበርኩም። ከዚያ ሐሙስ በኋላ አንድ የማውቀው የሕግ ሰው ጋ ሄጄ ፒያሳ ማኪያቶ ገዛሁለት። ያስረዳኝን በአጭሩ ላስቀምጥ።

ኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ አላት። ቁጥሩ 410/1996 ነው። በ2007 በአዋጅ 872 ተሻሽሏል። በሕጉ መሠረት ሥራው ተሠርቶ ከተቀረጸ ወይም ከተጻፈ ጀምሮ የደራሲው ነው። መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ጥበቃው ደራሲው እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። መዝሙር ዓለማዊ ነው መንፈሳዊ ነው ብሎ አይለይም። የገንዘብ መብቱን ለሌላ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ግን በጽሑፍ መሆን አለበት። ደራሲው ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብትም አለው።

«በጽሑፍ?» አልኩት።

«በጽሑፍ።»

«አፌ ውስጥ እንጀራ እያለ ‹ውሰዳት› ብልስ?»

ሳቀ። «እሱማ ምንም አይደለም። መጀመሪያ ነገር ያንተ አይደለችም። ያንተ ብትሆን እንኳ በቃል አይተላለፍም።»

ከዚያ የጠየቀኝ ግን አፌን አስያዘኝ። «ልጅቷ መጻፏን በምን ታሳያለህ? ቅጂ አላችሁ?»

ቅጂ የለንም። ጠፍቷል። ቢሮው ውስጥ ጠበቃ የሚያስቀምጥ ዘማሪ የለንም። ከዚያ ደብተሯ ትዝ አለችኝ። ያቺ በስኮች የተለጠፈች። ከእያንዳንዱ ግጥም ሥር ቀን ያለባት። አለች ይሆን? ጦርነቱ ቀብሯት ይሆን?

ሰንበት ላይ ከአምልኮ በኋላ ጠጋ አልኳት። በምን እንደምጀምር ጨነቀኝ። «ያቺ ደብተርሽ አለች?» አልኳት ዝም ብዬ።

ትክ ብላ አየችኝ። «አለች።»

«በጦርነቱ አልጠፋችም?»

«ይዣት ነው የወጣሁት። ሌላ ምን ልይዝ ኖሯል? ልብስና እሷን።» ትንሽ ቆየችና፣ «ለምን ፈለግሃት?»

ነገርኳት። ሁሉንም። ኮምቦልቻ ጥብስ እየበላሁ ያልኩትን ጨምሮ። እሷ ግን ያንን ታውቅ ኖሯል። ሦስት ወንበር ርቃ ሰምታኛለች። «የጌታ ናት ስትለው ሰምቼህ ነበር» አለችኝ። «ልክ ነህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። በኋላ እሱ የእኔ ናት ሲል ነው የከፋኝ። የጌታ ከሆነች የእሱ እንዴት ሆነች?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

የዚያ ሰውዬ ጉዳይ

ዘማሪውን አናገርነው። ደብዳቤ አይደለም፤ ክስም አይደለም። ጋሼ ራሳቸው ደወሉለት። ስፒከር ላይ አድርገው ስለነበር ሰማን። «ልጄ፣ እንደምን ከረምክ» ብለው ነው የጀመሩት። የደብተሯን ቀን ነገሩት። ሰውዬው አልካደም። «ጋሼ፣ የማን እንደሆነች አልነገሩኝም እኮ። የጌታ ናት ነው ያሉኝ» አለ። እኔ ወለሉን አየሁ። እውነቱን ነው።

ዩቲዩቡ ላይ ከሥር ያለው ጽሑፍ ተስተካክሏል። ግጥምና ዜማው ላይ የእሷ ስም ገብቷል። የገንዘቡ ነገር ገና ነው። ስምምነት እንጻፍ ተባብለዋል። የሕግ ሰውዬው ረቂቁን እያዘጋጀ ነው፤ በማኪያቶ ሳይሆን በክፍያ። እሷ ሁለት ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው። አንደኛ፣ ሌላ ቦታ በዘመረው ቁጥር ስሟን እንዲጠራ። ሁለተኛ፣ መዝሙሩን እኛ ደሴ ላይ እንደ ገና ስንቀርጽ እንዳይከለክለን። የራሷን መዝሙር እንዳይከለክላት! መሪያችን ይህን ሲሰማ ነው ቆዳው የተሸበሸበው።

ከሲናች ጋር ላመሳስላት አልፈልግም። እዚያ የሚከፍል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሚቆጥር ሬዲዮ አለ፤ የሚያወጣ ሰንጠረዥ አለ። እዚህ ያለው አንድ ደብተርና አንድ ሽማግሌ ነው። ግን መነሻው አንድ ነው። ሲናችም ለጉባኤዋ መዝሙር የምትጽፍ አምልኮ መሪ ነበረች። ልዩነቱ ማይክል ደብሊው ስሚዝ መዝሙሯን ሲወስዳት ወረቀቱ ላይ ስሟ መኖሩ ነው። ትሕትና ጎድሏት አይደለም። ስሟ ራሱ «ከእግዚአብሔር ነው» የሚል አይደል? ከሥሩ ግን ፈርማለች።

ያለፈው ሐሙስ

«መንገድ ከፋች»ን እስካሁን አልዘመርነውም። የትርጉም ፈቃድ ይጠየቅ ወይ የሚል ነገር ተነሳ፤ መሪያችን ኢሜይል ልጻፍ ብሎ እንግሊዝኛውን ለሦስት ሰው አሳይቷል። መልስ ሲመጣ እንዘምራለን።

ይልቅ ልጅቷ ደብተሯን ይዛ መጣች። ከ2012 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። አዲስ መዝሙር አላት። ባቲ ነው። ግጥሙን በዝግታ አነበበችልን። ከዚያ ዘመረችው፤ ያለ ኮርድ። ሁለተኛው አንጓ ላይ ዜማው ወደ ታች ይወርድና አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። እዚያ ላይ እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ። ይሄን መልበስ አያስፈልገውም።

ወረቀቱን ልጽፍ እስክሪብቶ አነሳሁ። «ግጥምና ዜማ» ብዬ ስሟን ልጽፍ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ዜማው የእኔ አይደለም።»

«እንዴት?»

«ያቺ ምትወርደው ነገር የአያቴ ናት። ሐይቅ ከተማ ነው ያሉት። እህል ሲያበጥሩ ያንጎራጉሯት ነበር።»

አያቷ ሙስሊም ናቸው። የወሎ ቤተሰብ እንደዚህ ነው፤ አንድ ማዕድ ላይ ሁለት ሃይማኖት ይቀመጣል። መሪያችን ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ጋሼን አየ። ጋሼ ደግሞ መነጽራቸውን እየጠረጉ ነው። «ያው የአያቷ ከሆነ የአያቷ ነው» አሉ።

እንዲሁ ጻፍኩት። ግጥም ከእሷ ስም ጋር። ዜማ፣ «ከአያቷ»። አሥራ አራት ቅጂ ለማስወጣት ፒያሳ ወረድኩ። የኮፒ ቤቱ ልጅ ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል አነበበው።

«አያትየዋ ዘማሪ ናቸው እንዴ?» አለኝ።